ፎቶና ፋይል ክላውድ ላይ ወይስ በራስ ሃርድ ዲስክ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቤተሰብ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነዳቸውን የት ቢያስቀምጡ እንደሚሻል ለሚጠይቁ፤ ከቀላሉ ጥያቄ ተነስቶ ወደ ከበደው ይሄዳል።

ክላውድ ላይ አስቀመጥኩ ስል ፋይሌ የት ነው ያለው?

የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ነው። ጎግል ድራይቭ፣ አይክላውድ፣ ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስ ፋይልዎን በትልልቅ የመረጃ ማዕከሎቻቸው ውስጥ ያስቀምጡታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ በላይ ዲስክ ላይ ይገለብጡታል። አንዱ ዲስክ ቢበላሽ እርስዎ ወሬውንም አይሰሙም። ፋይሉን ለማግኘት ግን ኢንተርኔት፣ ፓስወርድና የድርጅቱ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፋይሉ በሰላም ተቀምጦም እጅዎ አይገባም።

ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ ማንንም ሳያስፈቅዱ ይከፈታል። ቢወድቅ፣ ቢሰረቅ ወይም ውሃ ቢገባበት ደግሞ የሚተካልዎት የለም። የሁለቱ አደጋ ለየቅል ነው፤ ክላውዱን የሚያሳጣዎት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩን አይነካም፣ ሃርድ ዲስኩን የሚያጠፋውም ብዙ ጊዜ ክላውዱ ጋ አይደርስም። ሁለቱንም መያዝ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በነጻ የሚሰጠው ቦታ ስንት ነው? ይበቃኛል?

ጎግል 15 ጊጋባይት፣ አይክላውድና ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት ይሰጣሉ። የጎግሉን 15 ጊጋባይት ጂሜይል፣ ድራይቭና ጎግል ፎቶስ ይካፈሉታል፤ በአንድሮይድ ስልክ የዋትስአፕ ባክአፕም ከዚሁ ላይ ይቆጠራል። ጎግል ፎቶስ መጠኑ የተቀነሰ ፎቶ ያለገደብ ይቀበል የነበረው እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2021 መጨረሻ ድረስ ነው።

አንድ የስልክ ፎቶ 3.5 ሜጋባይት ቢሆን፣ 15 ጊጋባይቱ ከ4 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ፎቶ ይይዛል። ቦታ የሚጨርሰው ቪዲዮ ነው፦ አይፎን በመደበኛ ቅንብሩ በ1080 ጥራት ሲቀርጽ ደቂቃው 60 ሜጋባይት ገደማ፣ በ4ኬ ሲቀርጽ ደግሞ 170 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በ4ኬ የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ሰርግ ብቻውን 10 ጊጋባይት ይደርሳል።

ቦታው ሲሞላ የሚመጣው መዘዝ ከፎቶም ያልፋል። ጂሜይል አዲስ መልእክት መቀበል ያቆማል፤ የሥራ ማመልከቻ መልስ ወይም የቪዛ ቀጠሮ የላከልዎት ሰው መልእክቱ ይመለስበታል። ከገደቡ በላይ ሆነው ሁለት ዓመት ከቆዩ ደግሞ ጎግል ይዘቱን ሊሰርዝ ይችላል።

ከስልኬ ላይ ብሰርዘው ከክላውዱም ይጠፋል?

አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ብዙ ሰው ፎቶውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ጎግል ፎቶስ ውስጥ ገብተው ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ሲሰርዙ ከስልኩም ከክላውዱም ይነሳል፤ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆይና ለዘለቄታው ይጠፋል። አይክላውድ ፎቶስ የበራበት አይፎንም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ስልክዎ ሞልቶ ቦታ ለማስለቀቅ ከፈለጉ፣ በጎግል ፎቶስ የመገለጫ ምስልዎን ነክተው «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ይጠቀሙ፤ ይህ ከስልኩ ላይ ብቻ ነው የሚያነሳው።

ነገሩ የሲንክና የባክአፕ ልዩነት ነው። ሲንክ ሁለት ቦታ ያለውን አንድ ዓይነት ያደርጋል፤ እዚህ የሰረዙትን እዚያም ይሰርዛል፣ እዚህ ቫይረስ የቆለፈውን ፋይል እዚያም ይተካል። ባክአፕ ግን ዋናው ቢጠፋም ሳይነካ ይቀራል። ጎግል ድራይቭና አይክላውድ በመደበኛ አጠቃቀማቸው ሲንክ ናቸው። በሰነድ በኩል ትንሽ ማምለጫ አለ፦ ጎግል ድራይቭ ላይ የጫኑት ፋይል ቢቀየርም የቀድሞው ቅጂ 30 ቀን ስለሚቆይ፣ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው የቅጂዎቹን ዝርዝር ከፍተው መመለስ ይችላሉ።

ባክአፕ በርቶ ሳለ የዋትስአፕና የቴሌግራም ፎቶዎቼ ለምን የሉም?

ጎግል ፎቶስ ሲበራ ወዲያው የሚይዘው በካሜራ የተነሳውን ነው። ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ዳውንሎድና ስክሪንሾት የየራሳቸው ፎልደር ስላላቸው አንድ በአንድ መብራት አለባቸው፤ በባክአፕ ቅንብሩ ውስጥ «ባክአፕ ዲቫይስ ፎልደርስ» የሚለውን ይክፈቱ። ከቤተሰብ የተላኩ የድሮ ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ ያሉት እዚያ ነው።

ሌላው ምክንያት ስልኩ ራሱ ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራ አፕ ያስቆማሉ። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የጎግል ፎቶስን የባትሪ ገደብ ያንሱለት፤ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተው፣ ዋይፋይ አብርተው፣ አፑን እንደከፈቱ ይተዉት። መጨረሻ ላይ የመገለጫ ምስልዎን ሲነኩ ባክአፑ ተጠናቋል የሚል ካላዩ አልጨረሰም ማለት ነው።

ቴሌግራም ላይ ለራሴ እየላክሁ አስቀምጣለሁ። ይህ አይበቃም?

ለመሸጋገሪያ ጥሩ ነው፣ ለብቸኛ ማኖሪያ ግን አይሆንም። ምቹነቱ አይካድም፦ በነጻ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፣ ከየትኛውም ስልክ ይከፈታል። ግን ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩት ጥራቱ ይቀንሳል፤ ጥራቱ እንዲጠበቅ «ፋይል» ብለው ነው መላክ ያለብዎት።

ትልቁ ችግር አካውንቱ በስልክ ቁጥርዎ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ሲሙን ትተው አገር ከቀየሩና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ፣ መግቢያ ኮዱ የሚደርሰው ለዚያ ሰው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ፓስወርድ ያብሩ፤ ከመሄድዎ በፊትም ቁጥሩን ወደ አዲሱ ይቀይሩት። በተጨማሪ ቴሌግራም ለተወሰነ ወራት ያልተከፈተ አካውንትን ከነይዘቱ ያጠፋል። በፕራይቬሲ ቅንብሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ይህን ጊዜ ወደ ረጅሙ ያድርጉት።

በእኛ ኢንተርኔት 50 ጊጋባይት መጫን ይቻላል?

ይቻላል፣ ስሌቱን አውቀው ከጀመሩ። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 50 ጊጋባይት በ5 ሜጋቢት የአፕሎድ ፍጥነት 80 ሺህ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ሳይቋረጥ ከ22 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ለደንበኛ የሚነገረው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የዳውንሎድ ስለሆነ፣ አፕሎዱን ለብቻው ለክተው ይጀምሩ። ሌሊት ሌሊት ይላኩት፤ በሞባይል ዳታ እንዳይልክ ያጥፉት፣ አለዚያ የወር ፓኬጅዎ በአንድ ቀን ያልቃል።

ሁሉንም መላክም አያስፈልግም። የልጆች ፎቶ፣ የሟች ቤተሰብ ምስልና ድምፅ፣ ዲፕሎማ፣ የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፦ እነዚህ ቢጠፉ መተኪያ የላቸውም፣ መጠናቸውም አነስተኛ ነው። ፊልምና ዘፈን ሃርድ ዲስክ ላይ ይቅር።

ክፍያ ከፈለጉ፣ ከኢትዮጵያ ሆነው ለመክፈል በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ውጭ ያለ ዘመድ የጎግልን ዕቅድ ለአምስት ተጨማሪ የቤተሰብ አባላት ማካፈል ይችላል ሲባል ይሰማል፤ እውነት ነው፣ ግን አባላቱ ከከፋዩ ጋር በአንድ አገር እንዲኖሩ ጎግል ይጠይቃል። ዋሺንግተን ያለች እህት አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ ልታካፍለው ስትሞክር ግብዣው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ ወይስ ሃርድ ዲስክ ልግዛ?

ለማቆያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዙ። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ለማጓጓዣ ናቸው፤ ይጠፋሉ፣ ይሰበራሉ፣ ሲበላሹም ምልክት ሳያሳዩ በአንዴ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ፈጣን ነው፣ መውደቅንም ይቋቋማል፤ ነገር ግን ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተተወ የያዘው መረጃ ሊደበዝዝ ስለሚችል በዓመት ሁለቴ ይሰኩት። ተራው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለመሳቢያ ይሻላል፣ ጠላቱ መውደቅ ነው፤ በተለይ እየሠራ ሳለ።

ሲገዙ ከሐሰተኛ ይጠንቀቁ። 2 ቴራባይት የተጻፈበትና በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንዲያታልል ተስተካክሎ ነው የሚሸጠው። ፋይል ሲገለብጡበት ምንም አይልም፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን አዲሱን በድሮው ላይ ይጽፋል። የፋይሉ ስምና መጠን ይታያል፣ ሲከፍቱት አይሠራም። ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ዕቃውን ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይነግሩዎታል። አንድም ፋይል ከማስቀመጥዎ በፊት ይህን ያድርጉ፤ ሰዓታት ቢወስድም ይጠብቁት።

ፎርማቱን ኤክስፋት ቢያደርጉት ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል። ፋት32 የሚባለው ሌላው ፎርማት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ቪዲዮ ሲገለብጡ ቦታ እያለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚልዎት በዚህ ምክንያት ነው። ዲስኩን በ«ኢጀክት» ብቻ ያውጡ፤ እየጻፈ ሳለ ከተነቀለ የፋይሎቹ ማውጫ ይበላሻል።

ዲስኩን ስሰካ «ፎርማት ይደረግ?» ይለኛል። ወይም ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ምን ላድርግ?

ፎርማት የሚለውን አይጫኑ። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ማውጫው ነው፤ ፎቶዎቹ እዚያው ናቸው። ምንም ሳይጽፉበት ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ያውጧቸው። የፋይል ስም ይጠፋል፣ ምስሉ ግን ይመለሳል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ይንቀሉት፤ መካኒካል ብልሽት ስለሆነ ደጋግሞ መሞከር የቀረውንም ይፍቀዋል።

ፎልደሩ ሾርትከት የሚሆነው ፍላሹ ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሲመጣ ነው። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው የራሱን ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ሲጫኑት ወደ እርስዎ ኮምፒውተር ይገባል። ሾርትከቱን አይክፈቱ። በዊንዶውስ የፎልደር ቅንብር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክትም ያንሱ፤ ያለ ሁለተኛው ዕርምጃ አይታዩም። ከዚያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚወሰደው ፍላሽ የሚታተመውን ፋይል ብቻ የያዘ ይሁን።

ስንት ቅጂ ልያዝ? የት የት?

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ ስልክዎ ላይ አንድ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ፣ ክላውድ ላይ አንድ። ክላውድ ካልፈለጉ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገዝተው ሌላ ሰፈር ካለ ዘመድ ቤት ያስቀምጡና በየጥቂት ወሩ ያቀያይሯቸው። ሃርድ ዲስኩ ሁልጊዜ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ አይቆይ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል።

ከአይፎን በኬብል የሚገለብጡ ሰዎች አንድ ነገር ያጣሩ፦ በፎቶ ቅንብሩ «ኦፕቲማይዝ አይፎን ስቶሬጅ» ከበራ ዋናዎቹ ፎቶዎች ያሉት አይክላውድ ላይ ነው፣ ስልኩ ላይ ያለው የተቀነሰ ምስል ነው። የገለበጡት ጎዶሎ ይሆናል። መጀመሪያ ዋናዎቹ ወደ ስልኩ እንዲወርዱ ያድርጉ፤ ስልኩ ካልቻለ ከአይክላውድ ድረ ገጽ በኮምፒውተር ያውርዱ።

ኢንተርኔት ሲዘጋስ?

ለእኛ ይህ ጥያቄ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ይከብዳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አገር አቀፍ መዘጋቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል፤ ትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ፣ አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦባቸዋል። በዚያ ጊዜ ዲፕሎማውን፣ የሕክምና ውጤቱን ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን ክላውድ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ምንም አያገኝም።

ስለዚህ በአስቸኳይ የሚፈለጉ ሰነዶች በሙሉ ስልኩ ላይም ይኑሩ። በጎግል ድራይቭ አፕ ፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው «ሜክ አቬይለብል ኦፍላይን» ይበሉት። ኢንተርኔቱን ዘግተው መክፈቱን ይሞክሩ፤ ሳይሞከር የተተወ ኦፍላይን ፋይል አይታመንም።

ስልኬ ከሲሙ ጋር ቢሰረቅ ክላውዴን እንዴት እከፍታለሁ?

ፓስወርዱን ቢያውቁትም የመግቢያ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደ ተሰረቀው ሲም ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ነው፦ በጎግል አካውንትዎ የሴኪዩሪቲ ገጽ ላይ «ባክአፕ ኮድስ» የሚለውን ከፍተው የሚሰጡትን 10 ኮዶች፣ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ናቸው፣ አትመው ወይም በእጅ ጽፈው ከስልኩ ውጭ ያስቀምጡ። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ይሠራል። ስክሪንሾት አንስተው እዚያው ስልክ ላይ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ሰዎች ይህን በተለይ ያድርጉት። ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ሊቀር፣ የአገር ቤቱ ሲምም ሥራ ሊያቆም ይችላል። የፓስፖርት፣ የቪዛና የሥራ ውል ቅጂ ክላውድ ላይ፣ ኮዶቹ ደግሞ አገር ቤት በሚታመን ሰው እጅ ቢኖሩ፣ ከማንኛውም ስልክ ገብቶ ሰነዱን ማውጣት ይቻላል።

ድርጅቱ ፎቶዬን ማየት ይችላል?

በመደበኛ አጠቃቀም በቴክኒክ ይችላል። ጎግል ፋይልዎን ቆልፎ ያስቀምጣል፣ ቁልፉ ግን እሱ ጋ ነው፤ በሕግ ሲጠየቅም ሊሰጥ ይችላል። አፕል እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ «አድቫንስድ ዳታ ፕሮቴክሽን» የሚል አማራጭ አለው፤ ሲያበሩት የፎቶዎ ቁልፍ በእርስዎ ዕቃዎች ላይ ብቻ ይሆናል። ብሪታንያ ያላችሁ ግን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2025 ወዲህ እንደ አዲስ ማብራት አትችሉም። ዋትስአፕም ባክአፑን በራስዎ ፓስወርድ የሚቆልፍበት ቅንብር አለው። በእነዚህ ሁሉ ፓስወርዱና መመለሻ ቁልፉ ከጠፋብዎት ድርጅቱም አያድንዎትም።

ፓስፖርት፣ ፋይዳና የባንክ ሰነድን ከመጫንዎ በፊት ራስዎ ይቆልፏቸው፤ ለኮምፒውተር ክሪፕቶሜተር ነጻ ነው። ቤት ያለው ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ክፍት ነው፣ ያገኘው ሁሉ ያየዋል። ዲስክ የሚቆልፉትን ቢትሎከር ወይም ቬራክሪፕት የተባሉ ፕሮግራሞች ይጠቀሙ። የቢትሎከርን 48 አሃዝ መመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ይጻፉት። የደንበኛ ወይም የታካሚ መረጃ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከግል ምርጫ ያልፋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከትዎታል።

ትልቅ ድርጅት ፋይል ያጠፋል ወይ?

ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የፈረንሳዩ የክላውድ ድርጅት ኦቪኤች በስትራስቡርግ ካሉት የመረጃ ማዕከሎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች መረጃቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን በደረሰ ቃጠሎ የመንግሥት ሠራተኞች ይጠቀሙበት የነበረ ክላውድ 858 ቴራባይት ይዞ ጠፍቷል፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

በግለሰብ ላይ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቃጠሎ አይደለም፤ አካውንት መዘጋት ነው። ጎግል ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል፣ ደንብ ጥሷል ብሎ የጠረጠረውንም በአውቶማቲክ ይዘጋል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ጎግል ቴክአውት በሚባለው የጎግል ማውረጃ አገልግሎት ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ያውርዱ። የዚፕ ክፍሉን መጠን 2 ጊጋባይት ይምረጡ፤ 50 ጊጋባይት ከመረጡ መስመር ሲቋረጥ ሙሉው ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል። የማውረጃ ሊንኩ ከሰባት ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል። ፎቶዎቹ የተነሱበት ቀን ጎን ለጎን በሚመጡ ትንንሽ የጄሶን ፋይሎች ውስጥም ስለሚቀመጥ እነሱን አይጣሏቸው።

ሰው ሲሞት ክላውዱ ላይ ያለው ምን ይሆናል?

ካልተዘጋጀ፣ ቤተሰብ ለወራት ይጻጻፋል፤ ላያገኝም ይችላል። ጎግል «ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር» አለው፦ ከ3 እስከ 18 ወር አካውንቱ ካልተከፈተ እስከ 10 ለሚደርሱ የመረጧቸው ሰዎች ፋይሉን ያካፍላል። አይፎን ላይ «ሌጋሲ ኮንታክት» እስከ አምስት ሰው ይቀበላል፤ ሰውየው የሚሰጠውን ቁልፍና የሞት ምስክር ወረቀት ያቀርባል። ቁልፉን ዛሬውኑ አትመው ይስጡት።

በድሮ የአማርኛ ፊደል የጻፍኩት ሰነድ ክላውድ ላይ ለምን ዝብርቅርቁ ወጣ?

ፊደሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልነበረ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላም ለዓመታት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው ብዙ ሰነድ ውስጡ የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ ሲኖር ብቻ ነው። ጎግል ዶክስና ስልክዎ ያ ፎንት የላቸውም፤ ስለዚህ ምልክቱን እንዳለ ያሳዩታል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም።

ፎንቱ ያለበት የድሮ ኮምፒውተር እስካለ ድረስ ሦስት ነገር ያድርጉ። ሰነዱን እዚያው ከፍተው ፎንቱ እንዲካተት አድርገው ፒዲኤፍ ያውጡ፤ ይህ በየትኛውም ስልክ ላይ ይነበባል። የፎንቱን ፋይል ራሱን ከሰነዶቹ ጋር በአንድ ፎልደር ይገልብጡ። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ቀይረው ቁጥሮቹን፣ ነጥቦቹን እንዲሁም ድርብ ፊደላትን እንደ ሏ፣ ቷ፣ ኳ ያሉትን ከፒዲኤፉ ጋር ያመሳክሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚሳተው እነዚህ ላይ ነው። ዋናውን ሰነድ እርማቱ እስኪያልቅ አይሰርዙት።